ሎሪያቸውን በግቢያቸው ሲጠግኑ የኖሩት የሐጅ ደፋላህ ጃዲን የሕይወት ታሪክ

ሐጅ ደፋላህ ከሙጫ ለቃሚው አባታቸው ከጃዲን በሽር እና ከእናታቸው ከበቱል አደም፣ በሱዳን ኮርዶፋን ከኡም ሩዋባ ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው መንደራችን፣ በ1948 እ.ኤ.አ. በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ተወለዱ። ቁርአን በመንደሩ ኸልዋ ቀርተው፣ አንደኛ ደረጃን በኡም ሩዋባ ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው የሎሪ ረዳት ሆኑ። በ1969 ከእኔ ከሲትና ጋር ተጋብተው ከኑዋራ ጀምሮ አምስት ልጆች አፍርተዋል። በ1977 የራሳቸውን አሮጌ የእንግሊዝ ሎሪ ገዙ።

ሎሪዋን ጋራዥ አያስገቡም ነበር። ጋራዡ ያለው ከተማ ነው፤ ሎሪዋን ከጎማው በላይ የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ባሌስትራው፣ የሚሰበረው ግን ሁልጊዜ እዚህ አሸዋ ላይ ነው። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንስተው፣ በግንድ ደግፈው፣ ከሥሯ ተጋድመው ይፈቷታል። እኔ ግንዱን አላምነውም።

"የኑዋራ አባት፣ ግንዱ ተንቀሳቀሰ!" እላለሁ።

"የተንቀሳቀሰው ልብሽ ነው" ይሉኛል ከሥር ሆነው።

እዚህ ለተሰበሰባችሁት የልጅ ልጆቼም ዛሬ እናገራለሁ፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማናችሁም እንዳትገቡ።

ከሠሩት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ በ1988 ክረምት የሆነው ነው። በኩር ልጃችን ኑዋራ ምጥ ይዟት ሳለ አዋላጇ ሐጃ ቡሰይና ከጓዳ ወጥታ፣ "ልጁ ተጋድሟል። ይሄ ከእኔ እጅ በላይ ነው፣ ከተማ አድርሷት" አለች። በመንደሩ ከእኛ ሎሪ በቀር መኪና የለም፤ የእሷም የኋላ ባሌስትራ ተሰብሮ ወርዷል።

የእኛ አገር ሾፌሮች የተሰበረ ባሌስትራ በእርጥብ የግመል ቆዳ ጠፍረው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል። ያን ቀን ግን ሰማዩ ጠቁሮ ፀሐይ የለችም። የቸኮለ ሰው እሳት ላይ ያደርቀዋል፤ እሳት ግን ቆዳውን ያሳርረውና መንገድ ላይ ይበጣጠሳል።

ሐጅ ስብራቱን በሌላ ብረት ደግፈው በቆዳ ጠፈሩና፣ ቀጥ ብለው እኛ ሴቶች፣ ሙሽሮችም ጭምር፣ ጢስ ወደምንሞቅበት ጉድጓድ ሄዱ። ጠልህ የሚባለውን የግራር እንጨት ፍም አድርገው፣ ባሌስትራውን ከላይ አጋድመው፣ እኔ ስሞቅ የምሸፈንበትን የሱፍ ብርድ ልብስ አለበሱት። ጎረቤታችን ሐምዳን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ደፋላህ፣ ሎሪህን ልትድራት ነው እንዴ?" አለ።

"አዎ፣ ሚዜው አንተ ነህ። ይልቅ ና ግንዱን ያዝ!" አሉት።

እኔ በጓዳውና በጢሱ መካከል እመላለሳለሁ። "አሁንስ አይበቃም? ልጄ እያለቀች ነው!" አልኳቸው።

"ገና ነው፣ የኑዋራ እናት። አሁን ከተነሳን ጭቃው መሀል ነው የምንቀረው።"

ልጃቸው እየጮኸች፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ብርድ ልብሱን ያለ ጊዜው አልገለጡትም። በመጨረሻ ሲገልጡት ቆዳው ላይ ጥፍሬን ብጭን አልገባ አለኝ። እኔ ለገላዬ ልስላሴ በምሞቀው ጢስ እንዲህ ያለ ጥንካሬ ይወጣል ብዬ መቼ አስቤ አውቃለሁ! ባሌስትራውን ገጠሙና ኑዋራን ሎሪዋ ላይ በፍራሽ አስተኝተን፣ እሳቸው በሰው እርምጃ እየነዱልን ሄድን። በየጉድጓዱ ቆዳው ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል፤ አልተፈታም። ከተማ ደረስን። ለኑዋራ ቀዶ ሕክምና አድርገውላት ሴት ልጅ በሕይወት ተገላገለች። ሐጅ ይህን ሲሰሙ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ጭቃው ላይ ሰገዱ።

ሐጅ ደፋላህ በ2005 የሐጅ ግዴታቸውን ፈጽመዋል። ጉልበታቸው እስኪከዳቸውም ሎሪያቸውን ራሳቸው ይጠግኑ ነበር። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አርፈው፣ በዕለቱ በመንደራችን መቃብር ተቀብረዋል። እኔን ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ያን ቀን የተወለደችው ሱዐድ ናት አሁን ይህን የምታነብላችሁ። ድምጿ ቢቆራረጥ ታገሷት፤ ውኃም ስጧት። አላህ የአያቷን መቃብር ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው፤ ጀነትንም ማረፊያቸው ያድርግላቸው። አሚን።