ሰኞ ወይስ ማክሰኞ

ለምወድሽ ልጄ ለዮንጁ፣

ከባለቤትሽና ከሕፃኑ ጋር እንደምን ከርመሻል? እኔ እዚሁ ቡሳን፣ ልብስ ማጠቢያ ሱቄ ውስጥ ደህና ነኝ። ሰፈሩ ዘንድሮ ጸጥ ብሏል፤ ከሱቁ ጀርባ የሚያልፈው ባቡር እንኳ እንደ ድሮው አይጮህም።

ባለፈው ወር መምህርት ቻ ለልጇ ሠርግ የምትለብሰውን የሐር ሃንቦክ ቀሚሷን እንዳጥብላት ሰጥታኝ ነበር። የሚደርስበትን ቀን በስልክ ተነጋገርን። ሰኞ ስትመጣ ልብሱ ገና እርጥብ ነው።

"ሰኞ ብዬሽ አልነበር እንዴ?"

"ማክሰኞ ነው ያልሽኝ!" ብዬ ተቆጣኋት።

ሦስት ጊዜ ደጋግማ እንደነገረችኝ ማለች። እንባዋ ሲመጣ በካውያ አድርቄ ለሠርጉ አደረስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ ጋር በስልክ ቀጠሮ አልይዝም። ቀኑን ወረቀት ላይ በትልቁ እጽፍና አይተው ይፈርሙበታል። ልብሱ ሲደርስ ደግሞ አጭር መልእክት እልክላቸዋለሁ። "እትዬ ፒልሱን፣ ዘመናዊ ሆንሽ እኮ!" እያሉ ይስቁብኛል። ስህተት ግን ቀረ። መምህርት ቻም አልተቀየመችኝም፤ ስትመጣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ እጄን ይዛ፣ ቀስ እያለች ታወራኛለች። "እኔ እኮ ተማሪሽ አይደለሁም" ስላት ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

አንቺም እሑድ እሑድ መደወሉን ተይው፤ ስልክ ችኩል ነው፣ ቃሉን ይውጠዋል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ የሕፃኑን ጉንጭ ሳሚልኝ። መሳቅ ጀመረ ብለሻል፤ ሳቁ ምን እንደሚመስል አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

እናትሽ ፒልሱን