ወፏን የምሸፍንበት ሹራብ

እህት ዓለም፣

ዛሬም እንደ ወትሮው ሻይ አፍልቼ፣ የወፏን ውሃ ቀይሬ ወደ ሥራ ልወጣ ነው። ላባዋን አንጨፍርራ ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች።

ዝናቡ እስኪያባራ መስኮቱን አትክፈቺ።
መድኃኒቷ ሁለት ጠብታ ብቻ ነው፤ ለብ ካለ ውሃ ጋር ስጫት።

ትናንት የተቆጣሁሽ ያለ አግባብ ነው። የዛሬ አራት ቀን «ኧረ ይሄ መሸፈኛዋ ሸተተ» ስትዪኝ፣ የባለቤቴ ሹራብ ነው፣ አይታጠብ ማለት ነበረብኝ። አንቺ ለእሷ ብለሽ አጠብሽው።
ሳይደርቅ መልሰሽ ባትሸፍኛት ግን ጥሩ ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ያፏጭላት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ በሩን በከፈትኩ ቁጥር በእሱ ፉጨት የምትቀበለኝ እሷ ነበረች።

ሦስት ቀን ሆነ፤ ቤት ስገባ የሚያፏጭልኝ የለም።