የሳህኑ ግራ ጎን

ሰይድዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

እንዲህ ብዬ ስጀምር አትሳቅብኝ። በመቃብር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ለሞቱት ሰላምታ እንዲሰጥ ታዟል፤ እኔ ደግሞ እትዬን ትቼ እዚያ ድረስ መምጣት ስላልቻልኩ ሰላምታዬን በወረቀት አደረግኩት። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ሊገባ ነው። ሁሉም «ትለምጂዋለሽ» ብለውኝ ነበር። ይኸው አልለመድኩትም፤ እንዲያውም ባለፉት ወራት በሕይወት ሳለህ ከነበርከው ይልቅ እቤት ውስጥ ነህ። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

መጀመሪያ የሰፈሩን ላውራህ፣ ወሬ ትወድ ነበርና። ታክሲህን ሸጥነው። አልፎ አልፎ መገናኛ ላይ አየዋለሁ፣ በሩ ላይ ያለችው ጭረት አትጠፋኝም። ምሳ የምትበላበት ጥብስ ቤት ፈርሶ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ስንት ዓመት ለምኜህ ያልተውከውን ቤት ዶዘር አስተወህ። የአያት ሰፈራችን ያው ነው፤ ኮንዶሚኒየማችን ውሃ በፈረቃ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ይደክመዋል። እኔም ያው ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ነኝ፤ ጠዋት ሰርቪስ ይወስደኛል፣ አመሻሽ ላይ ይመልሰኛል። እህትህ እትዬ ዘይነብም አብረውኝ ናቸው። ዘመዶች ከአርባህ በኋላ ወሎ ይመለሱ ሲሉ «ፋጤን ለማን ጥዬ?» ብለው የሁሉንም አፍ ዘጉ። አንተን እንደ እናት ያሳደጉ ሰው እኔንም ልጅ አደረጉኝ።

ያን የመጀመሪያውን ስትሮክ መቼም አትረሳውም። የደም ግፊትህን፣ ራስህን ሲያምህ ብቻ በምትውጠው ኪኒን ስትሸነግለው ኖረህ፣ አንድ ጠዋት መሪውን እንደጨበጥክ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ግራ ጎንህ ከዳህ። ሐኪሙ ጨው ቀንሱለት፣ ጮማና ቅቤ ይቅርበት፣ ጎመን፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬ አብሉት አለን። እኔም ጨውን ከቤት አባረርኩ፤ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ሳጣፍጥልህ ከረምኩ። አንተ ግን እያበላሁህ ትከሳለህ። ከትሪው የቀኝህን ትበላና ግራውን ሳትነካ «አልሐምዱሊላህ» ብለህ እጅህን ትሰበስባለህ። ይሉኝታ መሰለን። እትዬ «ወንድሜ ድሮም ለሰው ሳያስተርፍ አይበላም» እያሉ ይኮሩብህ ነበር። ሦስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን የቱን እንደተወ ማን ያያል?

ነገሩን ያወቀችው እቤት እየመጣች እጅና እግርህን የምታሠራህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ለብቻው አቅርቡለት አለች። በልተህ «ጨረስኩ» ስትል ሳህኑን ግማሽ ዙር አዞረችው። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለህ ክው አልክ። ዓይንህ ደህና ነው፤ አእምሮህ ግን ግራ የሚባለውን ወገን እንደሌለ ቆጥሮታል አለችን። የሚያገግም ሰው ደግሞ በግማሽ ምግብ አቅም አያገኝም። ያን ቀን ነው ጠርዙ ላይ አንዲት ቀይ አበባ ያለችበትን ነጭ ሳህን የገዛሁልህ። አበባዋን በግራህ አደርጋለሁ፤ ቀኙን ስትጨርስ አበባዋ ወደ ቀኝህ እስክትመጣ አዞራለሁ። ሥጋ ለበስክ፣ በከዘራ እስከ በረንዳው መሄድ ጀመርክ። ሰላትህን ወንበር ላይ ሆነህ ስትጨርስም ሰላምታህን ወደ ቀኝ ብቻ ሰጥተህ ትቀር ስለነበር፣ በግራህ ቁጭ ብዬ እያሳልኩ አዞርህ ነበር። «የግራው መልአክ ተቀይሞሃል» ስልህ ትስቃለህ። ሁለተኛው ስትሮክ እስኪመጣና እስኪወስድህ ድረስ እንዲያ ኖርን፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ከትዳራችን ሁሉ የምናፍቀው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ክረምቱ ሲያልቅ ነው የጀመረው። ጠዋት የእትዬን ምሳ ባንተ ሳህን አድርጌ፣ በክዳን ከድኜ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስመለስ ሳህኑ ግማሽ ነው። ግማሽ ስልህ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል። ቀኙ ተጠርጓል፤ በአበባዋ በኩል እንጀራውም ምስሩም ሳይነካ ደርቋል። እትዬን ጠየቅኳቸው። «ጥርግ አድርጌ ነው የበላሁት» አሉ። ሳህኑን ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። ያንን መስመር አውቀዋለሁ።

በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላም። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ከእትዬ በቀር ሰው የለም፣ እሳቸው ደግሞ ዋሽተው አያውቁም። አልደብቅህም፣ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ቀጥሎ ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ቁጭ ብዬ ሳህኑን ግማሽ ዙር አዞርኩና የተረፈውን በላሁልህ። ቀዝቅዟል፣ ጨው የለውም፣ ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ራት የለም።

ከዚያ ግን ቤት ውስጥ በግራ በኩል ሌላም ነገር መቅረት ጀመረ። የእትዬ ሻሽ በቀኝ ተጠቅልሎ በግራ ተንጠልጥሎ ይውላል። የግራ እግራቸው ጫማ አልጋው ሥር ይቀራል፣ በባዶ እግራቸው ሲሄዱ አይታወቃቸውም። በበሩ ሲያልፉ ግራ ትከሻቸው መቃኑን ይመታል፤ «ማነው የሚገፋኝ?» ይላሉ። ማን እንደሚገፋቸው የማውቅ መስሎኝ ትከሻቸውን አሽቼላቸው ብቻ አለፍኩ። እያደር ሐሳቤ ጠቆረ። ወደ እኔ የመጣህ ከሆነ ለምን ከእሳቸው ሳህን ትካፈላለህ? ለምን ሁልጊዜ በእሳቸው ግራ ትቆማለህ? እህትህን ልትወስዳቸው እንደመጣህ ጠረጠርኩ። እንዴት እንደተቆጣሁህ። ሳህን እያጠብኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ያንተ መሄድ ይበቃል፣ እሳቸውን ተዋቸው አልኩህ። እዚህ ቤት ከእሳቸው በቀር የቀረኝ ሰው የለም።

አንድ ጁምዓ ፋብሪካው መብራት ጠፍቶ ቀደም ብለን ተለቀቅን። በሩን ስከፍት እትዬ የከሰዓቱን፣ የአስርን ሰላት ሊጨርሱ ነው። ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው ሰላምታቸውን ሰጡ። ወደ ግራ እስኪዞሩ ጠበቅኩ። አልዞሩም። ተነሱና መስገጃውን ማጠፍ ጀመሩ፣ እሱንም ቀኙን ብቻ። ቀስ ብዬ በግራቸው ሄጄ፣ እጄ ትከሻቸውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው «እትዬ» አልኩ። በቀኝ በኩል ዞሩ። ባዶውን ክፍል፣ መስኮቱን፣ መጋረጃውን ፈለጉና «ፋጤ፣ የት ሆነሽ ነው?» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ የለሁም። ሰይድዬ፣ እኔ ካንተ ጋር በአንድ ወገን የቆምኩ መሰለኝ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ያኔ ገባኝ። ሳህኑን የምትካፈለው አንተ አልነበርክም፣ ያንተው በሽታ ነበር።

ጎረቤታችን አልማዝ ወንዶች ጠርታ በወንበር አድርገው ከአራተኛ ፎቅ አወረዱልኝና ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው፣ ሳምንት ያለፈው ይመስላል፣ ግፊታቸውም እንዲህ ከፍ ብሎ ቢቆይ ከዚህ የከፋው ይከተል ነበር አለ። ምን ይበላሉ ሲለኝ «ከባለቤቴ ጊዜ ጀምሮ እቤታችን ጨው የለም» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩ። ልብሳቸውን የቀየረችላቸው ነርስ ሻሻቸውን ስታቀብለኝ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። ገንዘብ መስሎኝ ፈታሁት። ጨው ነው።

ሳቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ ተቋረጠ። በመጨረሻዎቹ ወራትህ «ምግብሽ ጣፈጠኝ፣ ለመድኩት መሰለኝ» ያልከኝ ትዝ አለኝ። እኔም ሎሚውን ነበር ያመሰገንኩት። ላንተም ይበትኑልህ ነበር? ከፍቅር የተነሳ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ አልጫ ለበሽተኛ ማቅረብ ለእሳቸው ጭካኔ ነው። አልጠየቅኳቸውም። አልጠይቃቸውምም። አንተ ታውቅ እንደሆነ እዚያው ያዘው።

የዚያን ቀን አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ፣ በቀኝ እጃቸው የገዛ ግራ እጃቸውን ይዘው እየደባበሱ ነበር። «ሰይድ እጁ በረዶ ሆኗል» አሉኝ፣ «ጋቢ ጣል አድርጊለት።» ሐኪሙ አእምሯቸው እጁን የራሳቸው ብሎ ስላላወቀው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ቢሆንም ጋቢ አለበስኩት። ስነካው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቶቹም የቤተሰባችሁ ጣቶች ናቸው።

አሁን እቤት ገብተናል። ኪኒናቸውን በየቀኑ ይውጣሉ፣ ሻሻቸውን በየጠዋቱ እኔ ነኝ የማስረው፤ ጫፉንም እፈትሻለሁ፣ እሳቸውም ይሰድቡኛል። ግራ እጃቸውን የራሳቸው ነው ብለው ተቀብለውታል፣ ወደ ግራ ማየቱ ግን ገና ነው። ምስሩንና ጎመኑን በአበባዋ ሳህን አቀርባለሁ። ቀኙን ይጨርሳሉ፣ አዞራለሁ፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ይገረማሉ። «ይሄ ከየት መጣ?» ሲሉኝ «ሰይድ ልኮልዎት ነው» እላቸዋለሁ። ያንተ ነው ስላቸው አንዲት ፍርፋሪ አያስተርፉም። እኔ ሥራ ስሆን አልማዝ በሰጠኋት ቁልፍ ከፍታ ገብታ ታዞርላቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት አልማዝ ፋብሪካ ደወለችልኝ፤ ለቅሶ ደርሶባት ከጠዋት ጀምሮ ከከተማ ወጥታለች፣ መግባት አልቻለችም። ሰርቪሱ ሲያወርደኝ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ስገባ እትዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሳህኑ ባዶ ነው፣ ዙሪያውን ተጠርጓል። አበባዋን ጠዋት በግራቸው አድርጌ ነበር የወጣሁት። አሁን በቀኛቸው ናት።

«ማን አዞረልዎት?» አልኳቸው። አንገታቸውን ቀስ አድርገው፣ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ግራ ዞሩ፤ ባዶውን ወንበርህን አይተው ፈገግ አሉ። ሐኪሙ ቢሰማ መዳናቸው ነው፣ ራሳቸው ናቸው ያዞሩት ይለኛል። ይሆናል። ሳህኑን አጥቤ ቦታው አስቀመጥኩት።

የተቆጣሁህን ይቅር በለኝ። እኔ እስካለሁ ድረስ ከዚህ ቤት የሚቀርብ ሳህን ግራው ሳይታይ አይነሳም፤ ባዞርኩት ቁጥር አንተን አነሳለሁ። እኔ ያመሸሁ ቀን ግን አንተ አዙርላቸው።

ያንተዋ ፋጤ