አባዬ ለእንግዳ ተነሣ

ጎንደር፣ የካቲት ፭ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

አባዬ እግሩን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ከመደቡ አልወርድም ብሎ አስቸግሮኛል። ሐኪሙ በምርኩዝ ይቁም ብሎ ነበር። ደግፌ ላነሣው ስል ግን «ተይኝ ልጄ፣ ስፌቱ ይተረተራል» እያለ ይቆጣኛል።

ዛሬም በዚሁ ስንጨቃጨቅ ጎረቤታችን አያ ተሰማ ሊጠይቁት መጡ። ገና በሩን ሲያልፉ አባዬ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። መቆሙን ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው።

«በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጥ!» አሉ አያ ተሰማ ደንግጠው።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቀመጡ» አለ፣ ግድግዳውን ይዞ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቆሟል።

ለአያ ተሰማ ወንበር ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። አልቸኮልኩም።

ነገ ደግሞ የነፍስ አባታችን እንዲመጡ እልክባቸዋለሁ።