ካሳዬ ደህና ነው

ሰኞ፣ አፕሪል 24 ቀን 1995
ዝናብ። ከሥራ ስወጣ የሰፈራችን ፋርስታ ገበያ ገብቼ ሳሙናና ሽንኩርት ገዛሁ። ቤት ስደርስ ባሌ ካሳዬ ሶፋው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እምብርቱ አካባቢ ያመዋል። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ በፋሲካ ሌሊት የዶሮዋን ግማሽ ብቻውን ሲጨርስ ምን ይጠብቅ ነበር? "ዶሮዋ እየተበቀለችህ ነው" አልኩት። አልሳቀም። ፌጦ በሎሚ በጥብጬ ሰጠሁት። ጠጣ... አስመለሰው።

ማክሰኞ፣ አፕሪል 25
ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወርዷል። ጎብጦ ይሄዳል፤ ሲያስለው ይጮኻል። ምሳም እምቢ አለ። ካሳዬ ምግብ እምቢ!

"ጤና ጣቢያው፣ ቮርድሴንትራል ልደውልልህ?"
"እኔ አፍ የለኝም?"

ደወለ። ነርሷ እንዴት ነህ ብትለው፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?" በስዊድንኛ! ሕመምህ ከአስር ስንት ነው ስትለውማ... "ሁለት።"

አልቬዶን የሚባለውን ማስታገሻ ውሰድ፣ ካልተሻለህ ደውል ብላ ዘጋች። ምን ታድርግ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የኔው ደብቆ ጭራሽ ሰላምታ ያቀርባል።

"ሁለት?" አልኩት።
"ታዲያ ለማላውቃት ሴት ላልቅስላት?"
"ሁለት ከሆነ ተነስና ሰሃን እጠብ።"

ረቡዕ፣ አፕሪል 26
ጠዋት ሕመሙ ድንገት ለቀቀው። ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠየቀ። "አላልኩሽም ብርቄ?" ሥራ ሄድኩ። የምንከባከባቸውን አሮጊቶች በባሌ ሆዳምነት ሳስቅ ዋልኩ።

ስመለስ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ ብነካው ጮኸ።
"ደህና..."
"ዝም በል!"
ስልኩን አነሳሁ። ነርሷ ከአስር ስንት ነው ስትለኝ፣ "አስራ አንድ! ባሌ እየሞተ ነው!" እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ አፕሪል 27
ሆስፒታል ነን። ትርፍ አንጀት ነው። ፈንድቶ መግሉ ሆዱ ውስጥ ተሰራጭቷል። ቀዶ ጥገናው አልቋል፤ ይተርፋል ብለውኛል።

ሐኪሙ፣ ትናንት ጠዋት የለቀቀው ሲፈነዳ ነው አለኝ። ካሳዬ በእውነት "ደህና ነኝ" ያለው ያንኑ አንድ ጠዋት ነው... ሊገድለው የነበረውም ያው ጠዋት ነው። እኔስ? ፌጦ የበጠበጥኩት፣ አሮጊት ያሳቅኩት? አፈርኩ።

ሰኞ፣ ሜይ 1
የሆስፒታሉ ነርስ መጥታ ከአስር ስንት አለችው። እኔን አየኝ፤ ጣሪያውን አየ። "አምስት።" ከሁለት አምስት... እድገት ነው! ክኒን ሰጥታው ወጣች።

"እውነቱን ንገረኝ። ስንት ነው?"
ብርድ ልብሱን አስተካከለ።
"ካሳዬ።"
"ስምንት። ልጅቷ ደክሟት ስታዛጋ አየኋትና..."

ልሰድበው አፌን ስከፍት እጄን ያዘኝ። "ጥሪልኝ" አለ።

በአስራ አራት ዓመት ትዳር ይቺን ቃል ዛሬ ገና ሰማሁ። ነርሷን ፍለጋ በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ሮጥኩት።