ዘጠና ግራም ለአባባ

ጥቅምት 8
ደከመኝ። ፖስታ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ጥቅል ስመዝን ውዬ፣ ቤት ገብቼ ደግሞ ሥጋ መመዘን። አባባ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ተኝቶ ተኝቶ ወገቡ ላይ ቆስሏል። ቁስሉ አልድን አለ። ሐኪሙ ዛሬ በር ላይ ቆሞ፣ እየተጣደፈ፣ "ፕሮቲን ያንሳቸዋል። በቀን፣ ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው አንድ ግራም ተኩል" አለኝ። አባባ ስልሳ ኪሎ ነው። ስለዚህ ዘጠና ግራም። የሚዛን ነገር ለእኔ ምን ይከብዳል?

ጥቅምት 11
የእህቴ ባል ሊጠይቀው መጣ። "ፕሮቲን ከልክ ካለፈ ኩላሊት ይጨርሳል፣ ተጠንቀቂ!" ይሄ ሰውዬ የማያውቀው ነገር የለም... አባባን አንድ ቀን እንኳ አገላብጦ አያውቅም እንጂ። ግን ፈራሁ። ከዘጠና ንቅንቅ የለም። እንቁላል የቀቀልኩ ቀን የእንቁላሉን ያህል ከሥጋው እቀንሳለሁ።

ጥቅምት 19
አባባ ሳህኑን በዳቦ ጠራርጎ ሲያበቃ፣ ቀስ ብሎ፣ "የኔ እናት... ትንሽ ትኖራለች?"
"ልክህ ይኸው ነው አባባ! ኩላሊትህን ላበላሸው?"
"እሺ፣ እሺ። እንዲያው ነው።"
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን አስቆጣኝ? እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ...

ጥቅምት 27
ቁስሉ ሰፋ። ምን ጎደለ?

ኅዳር 4
ቁስሉን የምታጥብ አዲስ ነርስ መጣች። "ምን ይበላሉ?" ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ፣ "በቀን ዘጠና ግራም። በሚዛን!"
"ዘጠና ግራም ምን?"
"ሥጋ ነዋ።"
ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። ሥጋ እንዳለ ፕሮቲን አይደለም፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ከዘጠና ግራም ጥሬ ሥጋ ሃያ ግራም ፕሮቲን ቢገኝ ነው። ከአንድ እንቁላል ስድስት ገደማ። ወተቱ፣ ምስሩ፣ ባቄላው ሁሉ እየተደመረ ነው ዘጠና የሚሞላው፤ ያውም ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ተከፋፍሎ።
"ኩላሊቱስ?"
"የደም ምርመራቸውን አይቻለሁ። የእሳቸው ደህና ነው።"
ርቦት ነበር እኮ! አባቴን በሚዛን እየለካሁ አስራብኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 5
ነገርኩት። ቁርሱን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ።
"ተሳስቼ ነው አባባ። ርቦህ ነበር አይደል? ለምን አልነገርከኝም?"
ሳህኑ ላይ ያሉትን ሁለት እንቁላሎች ትክ ብሎ አያቸው።
"ቸግሮሽ መስሎኝ። ደሞዙ አልበቃ ቢላት ነው እንጂ፣ እኔ እንዳላፍር ኩላሊት ምናምን የምትለኝ... ብዬ ነዋ። ታዲያ እንዴት ጨምሪልኝ ልበልሽ?"
እንቁላሉን ልጬ ሰጠሁት።

ኅዳር 21
ምስር፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እርጎ... ከምድጃ አልለይ አልኩ። እግሬ አብጧል።

ታኅሣሥ 12
ድካሜ ያው ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል። ቁስሉ ገና አልደረቀም፤ ነርሷ ግን ጠርዝ ጠርዙን እያሳየችኝ "ሥጋ እየሞላ ነው" አለች። ራት ላይ አባባ ሳህኑን ገፋው። ሁለት ጉርሻ ያህል ቀርቷል። ደነገጥኩ።
"አመመህ እንዴ?"
"ጠገብኩ።"
"እስቲ ይቺን ብቻ—"
"አንቺ ልጅ፣ በቃኝ አልኩሽ እኮ! አስቸጋሪ!"
ጮኸብኝ። ከወደቀ ወዲህ አንድም ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። ሳህኑን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና፣ እንደቆምኩ፣ የተረፈውን በላሁት። ቀዝቅዟል። እንዴት ይጣፍጣል!