የቆለፍኩት ውሃ

የካቲት 6፣ 2015

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እጄ ከአፌ ይደፍር ይሆናል...

በ2003ቱ ድርቅ ግቢዬ ያለው የዝናብ ውሃ ጉድጓድ እስከ ግማሹ ውሃ ነበረው። ባሌ ሙሉነህ ከመሞቱ በፊት በሲሚንቶ ያሠራው ነው። ለሆቴል ልሸጠው ብዬ ክዳኑን ቆለፍኩ። ወተት የምታመጣልን ኢቢሴ መጣች። ሙሉነህ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ያለ ገንዘብ ያመጣችልኝ ኢቢሴ። «ላሜ ልትወድቅ ነው። አንድ ጀሪካን ብቻ» አለች።

«አልቋል» አልኳት።

በማግስቱ ላሟ ሞተች። ቦረና ላይ ተቀምጦ ለከብት ውሃ መከልከል...

ሌላ ወሬ የለም። ልብስ አጠብኩ። አቧራው መልሶ አቆሸሸው።

የካቲት 9

ፋዲል መጣ። መኪና ማጠቢያ ሊከፍት ነው። «እትዬ በዛብሽ፣ ዝናቡ ሲመጣ ጉድጓዱን ሙሉውን ያከራዩኝ። ቀብዱን አሁን እሰጥዎታለሁ።» አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት።

በልቤ ግን ጨርሻለሁ። በቀብዱ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ እገዛለሁ፣ ትልቁን፣ ዘርፉ ወርቅማውን። ያን ጊዜ እግዜር ይቅር አይለኝም?

የካቲት 11

ለነፍስ አባቴ ለአባ ገብረአምላክ ሁሉንም ነገርኳቸው። ላሟንም ጥላውንም።

«ሴትዮዋ አሁን የት ናት?»

«ገበያ ናት፣ አባቴ። ወተት ትሸጣለች።»

«አንቺስ በየት በኩል መጣሽ?»

«በገበያው።»

«አልፈሽው መጣሻ!» ብለው ሳቁ። «እግዜር እዚያ ተቀምጦ ይጠብቅሻል፤ አንቺ ለኔ ጥላ ትገዣለሽ።»

የካቲት 14

አልሄድኩም።

የካቲት 15

ዛሬም።

የካቲት 18

ሄድኩ!

«አካም፣ በዛብሽ! ናጋ?» ብላ ሰላም አለችኝ ኢቢሴ እንደ ሁልጊዜዋ። እንደ ሁልጊዜዬ ልሸሽ ነበር... አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያኔ ውሃ ነበረኝ። አላለቀም ነበር።»

«አውቃለሁ። የመቅጃሽ ገመድ ይንጠባጠብ ነበር።»

አሥራ ሁለት ዓመት! እያወቀች!

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ረግሜሽ ነበር። አንድ ቀን። ከዚያ ጎሳዎቼ ጊደር ሰጡኝ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው አይጥልም። አንቺ ግን ባልም ጎሳም የለሽ፣ ፈርተሽ ነው አልኩ።» ዓይኗን አጠበበች። «እኔ እኮ የምትሸሺኝ ወተቴን በውሃ የማቀጥን መስሎሽ ነው ስል ነበር። ውሃ ከየት አምጥቼ?»

ሳቅን። እንባዬ መጣ፣ ሳቁ ግን አላቆመም። ሌሎቹ ወተት ሻጮች «ማሊ? ማሊ?» እያሉ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ምን ልንገራቸው!

«ጊደር ልግዛልሽ» አልኳት ስነሳ።

«ጊደር አለኝ። ያንን ክዳን ክፈቺው።»

መጋቢት 3

ፋዲልን እምቢ አልኩት። «አብደዋል እንዴ እትዬ!» ሳላብድ አልቀርም። ወንጌሌን አወጣሁ። ፊደል የለየሁት በአርባ ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን፣ ከዱቄት ጆንያ ላይ። አሁንም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። በምድር ሀብት ስለሚያከማቹ ሰዎች የሚናገረውን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ? ለሀብታሞች የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 14

ዝናብ! ቆርቆሮው ሲጮህ ማንም አይሰማኝም ብዬ ዘፈንኩ።

ሚያዝያ 2

ጉድጓዱ ሞልቷል። ቁልፉን ሽንት ቤት ጣልኩት። በር ላይ ጀሪካን ተደርድሯል። ኢቢሴ ራሷን አባ ሄሬጋ አደረገች፣ በቦረና ጉድጓድ ተራ የሚያስይዘውን ሰው። «ተራ! ተራ! ሴት አባ ሄሬጋ አይታችሁ አታውቁም?»

ጀሪካኔን ይዤ ጠጋ አልኩ።

«አንቺ ከኋላ!»

በገዛ ግቢዬ መጨረሻ ቆምኩ። እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጄ ሚስጥር ከክብረ መንግሥት ደወለች። ወሬው ደርሷታል። «እማዬ፣ በኪራዩ እኮ ቤቱ ይታደስ ነበር!» እሷ ናት የምትወርሰው፣ ብትቆጣ አይፈረድባትም። ግን ቤት ብቻ አውርሼያት ልሂድ? በስልክ ምኑን አስረዳታለሁ...

ለፋሲካ ትመጣለች። ይህን ደብተር ለሚስጥር እሰጣታለሁ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሳልገነጥል። እኔ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ እሷ ታነበዋለች።